ከግራ ወደ ቀኝ

ከግራ ወደ ቀኝ፦ አብዱ፣ የክፍሉ ባለቤት፣ ከረጅሙ ጠረጴዛ ጀርባ ቆሞ፤ ሰይድ፣ የሟቹ የኑሩ ልጅ፣ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ፣ ቡናማ ፖስታ ደረቱ ላይ ይዞ፤ እኔ፣ ከጠረጴዛው ወዲህ፣ መነጽሬን እየጠረግሁ፤ ይማም፣ የዱሮው አጥቂ፣ በሩ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ከዘራውን ደፉ ላይ አጋድሞ። ቦታው ኮምቦልቻ ነው፤ አብዱ የመኪና መለዋወጫ ከሚሸጥበት ሱቅ ኋላ ያለች ክፍል።

ሰዎችን እንዲህ በቆሙበት መዘርዘር የቆየ ልማዴ ነው። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ፣ ጋሽ ሙሔ ከሚባሉ ፎቶ አንሺ ዘንድ ሥራ ገባሁ። አያታቸው ከየመን የመጡ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ሱቁም ከእሳቸው የተወረሰ ነው። ጋሽ ሙሔ በሳምንቱ ቀን ሠርግና መታወቂያ ያነሳሉ፤ እሑድ እሑድ ግን ኳስ ሜዳ ወጥተው ግጥሚያ እያነሱ አዲስ አበባ ላለ ጋዜጣ ይልካሉ። የእኔ ሥራ ፊልሙን ማጠብ፣ ፎቶውን ማተም፣ ከዚያም ጀርባው ላይ የሰዎቹን ስም በእርሳስ መጻፍ ነበር። በእስክሪብቶ አይጻፍም፤ ቀለሙ ወደ ፎቶው ፊት ይሰርጋል። ተጭኖም አይጻፍም፤ ፊቱ ላይ ጎልቶ ይወጣል። ለእያንዳንዱ ግጥሚያ ሁለት ፎቶ አትማለሁ፦ አንዱ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ለጋዜጣው ይሄዳል፣ ሁለተኛው እኛ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ከታች ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ «ዘ» አኖራለሁ። ዘምዘም ለማለት ነው። ጋሽ ሙሔ አይተው ዝም አሉኝ፤ እኔም ቀጠልኩ።

አብዱን ወደ እኔ ያመጣችው ያቺ «ዘ» ናት። ባለፈው ሳምንት ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ ቤቴ ድረስ መጣ። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው።

«አሰላሙ አለይኩም እትዬ ዘምዘም። የጋሽ ሙሔን የኳስ ፎቶዎች ያትሙ የነበሩት እርስዎ ነዎት አሉ።»

«ማን አለህ?»

«ጀርባቸው» አለና አንዱን ከቦርሳው አውጥቶ ገልብጦ አሳየኝ። «ሰኞ ገበያን አዛውንት በአዛውንት ጠየቅሁ። በ‹ዘ› የሚጀምር በሕይወት ያለ ሰው እርስዎን ብቻ አገኘሁ።»

አሳቀኝ። አስቀመጥኩትና ነገሩን ነገረኝ። ዱሮ ለጋዜጣ የተላኩ የወሎ ስፖርት ፎቶዎችን ከየሰዉ ሣጥን፣ ከየሻይ ቤቱ ግድግዳ፣ ከአሮጌ ወረቀት ሻጭ ሲሰበስብ ዓመታት ሆኖታል። ለመጪው ዓርብ ኮምቦልቻ ወጣቶች አዳራሽ ውስጥ ሊሰቅላቸው ነው፤ በየፎቶው ሥርም ስም ይጻፋል። ሁሉም ተስማምቷል፤ አንድ ፎቶ ብቻ አጣልቷል። የጉሙ ጨዋታ ፎቶ።

«የኑሩ ልጅ ሰይድ ግቧን ያገባው አባቴ ነው ብሎ ፎቶውን ይዟል። ይማም ደግሞ ግቧ የኔ ናት ይላል፤ በእጁ ግን አንዳች ነገር የለም። ፎቶው ኦሪጅናል ከሆነ የፎቶው ቃል ይጸናል ብዬ ሁለቱንም አስማምቻለሁ። እርስዎ ነው ወይም አይደለም ይበሉን፤ ሌላ አናስቸግርዎትም።»

«እመጣለሁ» አልኩት። ከሄደ በኋላ እስኪመሽ ከተቀመጥኩበት አልተነሣሁም።

በቀጠሮው ቀን ከሆጤ ሚኒባስ ያዝኩ። ደሴ ላይ የደረብኩትን ሹራብ ኮምቦልቻ ስደርስ አውልቄ ክንዴ ላይ አደረግሁት፤ ይህ በልጅነቴም እንዲሁ ነበር። የሁለቱ ከተሞች ቡድኖች ሲጋጠሙ የእኛ ልጆች እዚህ ወርደው በሙቀት ይሸነፉ ነበር፣ የኮምቦልቻው ፋብሪካ ቡድን ልጆች ደግሞ እላይ ወጥተው በብርድ። ያን ጊዜ መንገዱን በጭነት መኪና ላይ እየዘፈኑ ነበር የሚወርዱት። አሁን ሁሉም በየስልኩ ላይ አቀርቅሮ ይወርዳል፤ ሚኒባሱ ውስጥ ከረዳቱ በቀር የተናገረ ሰው አልነበረም።

የአብዱ ክፍል በር ሲከፈት አቼቶ ሸተተኝ። በደንብ ያልታጠበ አሮጌ ፎቶ ሣጥን ውስጥ ሲቆይ እንደዚያ ይሸታል። ሽታው የጋሽ ሙሔ ጨለማ ክፍል ውስጥ አስገብቶ አቆመኝ፦ ቀይ አምፖል፣ ሦስት ጎድጓዳ ሳህን፣ በቀጭን ግድግዳ ወዲያ ያለው የሙዚቃ ሸክላ ሻጭ አንዱን ዘፈን ቀኑን ሙሉ እየደጋገመ ሲያጫውት። ዘፈኑን እጠላው ነበር፤ ግን የምሠራው በእሱ ነበር። ሁለት ጊዜ እስኪያልቅ ከጠበቅሁ ወረቀቱ ታጥቦ ይደርሳል። ሰዓት አልነበረኝም። ደጅ ስወጣ ጎፈሬያቸውን ያበጠሩ፣ ቤልቦተም ሱሪያቸው አቧራ የሚጠርግ ጎረምሶች መስኮታችን ላይ ተደግፈው የሰቀልናቸውን ፎቶዎች ያያሉ። ሻይ ዐሥር ሳንቲም ነበር፤ ሳምቡሳ አምስት። አራት የመታወቂያ ፎቶ በአንድ ብር ከሃምሳ እናነሣ ነበር፤ ኳስ ተጫዋች ከሆነ ጋሽ ሙሔ ሃምሳዋን ይተዉለታል። እኔ ጉርድ ቀሚስ ለብሼ፣ ሻሼን ወደ ኋላ አሥሬ፣ ጣቶቼ በመድኃኒቱ ጠቁረው እመላለሳለሁ። እናቴ ጣቶቼን እያየች «ማን ያገባሻል?» ትለኝ ነበር። የሚያገባኝ ተገኘ፤ ጣቴንም አልጠየቀም።

አብዱ ፖስታው ከመከፈቱ በፊት ዓይኔን ሊፈትን ፈልጎ ነው መሰለኝ አምስት ስድስት ፎቶ ፊቴ ደረደረ። አልከፋኝም። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እፈትናለሁ።

«ይኼ ከጋዜጣ ላይ የተነሣ ነው» አልኩት የመጀመሪያውን። «ጠጋ ብለህ እይ፣ ፊታቸው ነጥብ ነጥብ ብሏል። ከፊልም የታተመ ፎቶ ነጥብ የለውም።»

«ይኼስ?»

«ይኼ የጋሽ ሙሔ ነው፣ የታተመው ግን በሌላ እጅ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ። ወረቀቱ ፕላስቲክ ነው። የእኛ ወረቀት ሲደርቅ ይጠቀለል ነበር። ይህ ቀጥ ብሎ ተኝቷል።»

«ማኅተም አለው እኮ!»

«ማኅተሙን ወራሾቹ ለልጅ መጫወቻ ሰጥተውት ነበር። ሰኞ ገበያ ውስጥ ያልታተመበት ግድግዳ የለም።»

ሰይድ ሳቀ። በሩ ሥር ያለው ይማም አልሳቀም።

«ይኼኛው?» አለ አብዱ። ፎቶው ላይ በቀይ ሰም እርሳስ መስመር ተሰምሮበታል፤ አንድ ጥጉ ተቀዶ በሙጫ ተለጥፏል።

«እሱን ጠብቀው። ጋዜጣው ቤት ደርሶ የተመለሰ ነው። መስመሩ ‹እዚህ ድረስ ቁረጡ› ማለት ነው። ሻጩ ቆሻሻ መስሎት ከቀነሰልህ፣ አትርፈሃል።»

«ወላሂ ቀንሶልኛል!»

እንግዲህ ሰይድ ፖስታውን ሊከፍት ሲል መታወቅ የሚገባውን ነገር እነግራለሁ፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ከእኔ በቀር የሚያውቀው አልነበረም።

እሑድ ጠዋት ነበር። ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሜዳውን ሞልቶታል፤ በአንደኛው ጫፍ የቆመ ሰው ሌላውን ጫፍ አያይም። የደሴ ልጆች ከፋብሪካው ቡድን ጋር ዜሮ ለዜሮ ሆነው ሊያልቅ ሲል ኳስ ከማእዘን ተሻማ። ሁለት የእኛ ልጆች፣ ኑሩና ይማም፣ አብረው ዘለሉ። ፊሽካ ተሰማ፤ ግብ ሆነ። ማን እንዳገባት ተመልካቹ አላየም፤ የቡድኑ ልጆች ራሳቸው ተደራርበው ከወደቁበት ሲነሡ ግማሹ ኑሩን፣ ግማሹ ይማምን ተሸከመ። በቅርብ የነበሩት ከግቡ መረብ ጀርባ የተቀመጡት ጋሽ ሙሔ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም የሚያዩት በካሜራው ቀዳዳ ነው። ማንሣታቸውን እንጂ ማን እንደመታት ልብ አላሉም፤ በደብተራቸው ላይ ግን ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት የቆሙበትን ጻፉ።

ፊልሙንና ደብተሩን ሰጥተውኝ ዙሁር ሊሰግዱ ሄዱ። «ሁለት አትሚ። ሾፌሩ ከዐስር ሶላት በፊት ይቀበለኛል» አሉኝ። ፊልም ፊትና ጀርባ አለው። ጀርባው ያብረቀርቃል፣ ፊቱ ደብዛዛ ነው፤ ደብዛዛው ወደ ወረቀቱ መዞር አለበት። በመጀመሪያው ቀን ያስተማሩኝ ይህንን ነው። ተጣድፌ ገለበጥኩት። ተገልብጦ ሲታተም ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል። ሌላ ቀን ቢሆን ከኋላ የጦሳ ተራራ ወይም የመስጊዱ ሚናራ በተሳሳተ ወገን ቆሞ ያጋልጠኝ ነበር፤ የደሴ ሰው ይህን ሳያይ አያልፍም። ያን ቀን ግን ከተጫዋቾቹ ኋላ ጉም ብቻ ነበር። በፎቶው ላይ አንዱ በግንባሩ ኳሷን ሲመታ ፊቱን ክንዱ ሸፍኖታል፤ በረኛው መሐል ተዘርግቷል፤ ሌላው በግንባሩ ጭቃ ላይ ወድቋል። ጀርባው ላይ ከደብተሩ እያየሁ «ከግራ ወደ ቀኝ፦ ኑሩ፣ በረኛው፣ ይማም» ብዬ ጻፍኩ። በተገለበጠው ፎቶ ላይ ግራ ያለው ኳሷን የመታው ነው። እንዲህ ሆኖ ግቧ የኑሩ ሆነች።

በሦስተኛው ቀን ፊልሞቹን ሳስቀምጥ አወቅሁ። የእኛ ልጆች ማልያ ሰኞ ገበያ በረንዳ ላይ በእግር መኪና የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ከአቡጀዴ የሠራው ነበር፤ ከቀኝ ትከሻ ወደ ግራ ወገብ የሚወርድ ቀይ ጥብጣብ አለበት። እኔ ባተምኩት ላይ ጥብጣቡ ከግራ ትከሻ ይወርዳል። ጋዜጣው ገና አልወጣም። ስልክ ያለበት ፖስታ ቤት ከበራችን ሃምሳ እርምጃ አይሞላም። ጋዜጣው ግን ከዚያ በፊት ስለ ሌላ ስሕተት ለጋሽ ሙሔ ጽፎ ነበር፤ ሁለተኛ ከተደገመ ሌላ ሰው እንፈልጋለን ብሎ። ፊልሙን በወረቀቱ ጠቅልዬ መሳቢያው ውስጥ አስገባሁት።

በማግሥቱ ጋዜጣው መጣ። ሻይ ቤቱ ውስጥ አንዱ ወንበር ላይ ቆሞ አነበበው፤ ኑሩ በግንባሩ ገጭቶ ያስቆጠራት ግብ ይላል። ይማም «እኔ ነኝ እኮ፣ ግንባሬ ያውቃታል» ቢል «ጋዜጣውን አንብብ» አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የይማም ስም «ባለጉሙ» ሆነ፤ ግቡን ጉም ብቻ ያየለት ለማለት። በደሴ ስም ከወጣ አይመለስም፤ በሠርጉም ላይ በዚያ ስም ዘፈኑበት፣ ልጆቹንም የባለጉሙ ልጆች አሏቸው። ከጨዋታው በዓመቱ ኳስ አቆመ። የሰኞ ገበያ ነጋዴዎች ለኑሩ አዋጥተው የሱፍ ልብስ አሰፉለት። በዚያ ልብስ ሆኖ መጥቶ የቀረውን ፎቶ ጠየቀኝ፤ በእጄ ሰጠሁት። ብዙ አየውና «እኔ ነኝ እንዴ?» አለኝ። «ጽሑፉ እንደዚያ ይላል» አልኩት።

ጋሽ ሙሔ ሳያውቁ ሞቱ። ፊልሞቹንም የአንድ ክረምት ዝናብ ጨረሳቸው።

ሰይድ ፖስታውን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ። መጀመሪያ አልነካሁትም፤ ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጠርዙ ላይ ብር የመሰለ ንጣት ወጥቶበታል፤ ያ በማስመሰል አይመጣም። ከዚያ አንሥቼ ገለበጥኩት። የኮረዳነቴ ጽሕፈት፣ ትንሿ «ዘ»፣ ሁሉም ነበሩ።

«ኦሪጅናል ነው» አልኩ። «እኔ ነኝ ያተምኩት። ጽሕፈቱም የእኔ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለ ሰይድ። ወደ በሩ ዞረ። «እንግዲህ አባባ ይማም፣ ሰሙ አይደል? ጉሙ ተገፈፈ!»

ይማም ከዘራውን አየ። «ሰማሁ» አለ። «የእሷን ጽሕፈት ማን ያስተባብላል።»

«አልጨረስኩም» አልኩ። «ፎቶው እውነተኛ ነው። የሚለው ግን ትክክል አይደለም። ገልብጬ ነው ያተምኩት።»

አብዱ አልገባውም። «እትዬ፣ ወረቀቱ እኮ...»

«አብዱ፣ አንተ ጀርባ እያየህ ፊት ማየት ረስተሃል። የቡድኑን ሌላ ፎቶ አምጣ። ጥብጣቡ ከየትኛው ትከሻ ይወርዳል?»

አመጣ። አንድ፣ ሁለት፣ አራት ፎቶ ጎን ለጎን አደረገ። በሁሉም ከቀኝ ትከሻ፤ በዚህ ብቻ ከግራ። አብዱ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ያ አላህ! ስንት ዓመት ሳየው!»

«ምን ለማለት ነው?» አለ ሰይድ። ድምፁ ተለውጧል። «አባቴ ሞቷል። ቤታችን ግድግዳ ላይ ይህ ነው ያለው። አሁን ሌባ ሊያደርጉት ነው?»

«አባትህ አልሰረቀም። እኔ ነኝ ወይ ብሎ ጠይቆኛል፤ ነህ ያልኩት እኔ ነኝ። ና፣ መስኮቱን ልቀቅልኝ።»

የኮምቦልቻ ፀሐይ መስታወቱን ሞልቶታል። ወረቀታችን ስስ ነበር። ፎቶውን ፊቱን ወደ ደጅ፣ ጀርባውን ወደ እነሱ አድርጌ መስታወቱ ላይ አስጠጋሁት። ብርሃኑ አልፎ ምስሉ በጽሕፈቴ ሥር ወጣ። ጥብጣቡ ወደ ቀኝ ትከሻ ተመለሰ። «ኑሩ» ከሚለው ስም በታች ጭቃ ላይ የወደቀው ልጅ፣ መሐል በረኛው፣ «ይማም» ከሚለው በታች ኳሷን የሚመታው። በጋሽ ሙሔ ደብተር እንደነበረው።

ሰይድ ቀርቦ ብዙ ቆመ። በጣቱ ወረቀቱን ሳይነካ የወደቀውን ልጅ ተከተለ፤ ከትከሻው እስከ ጫማው።

«በግራ እግሩ ያለው ጫማ የተቀደደ ነው» አለ። «አባቴ ስለዚያ ጫማ ሁልጊዜ ያወራ ነበር። እኔ እኮ ሁሌ በዚያኛው ሰውዬ እግር ላይ ነበር የምፈልገው።»

አብዱ «ምን ብዬ ልጻፍ?» አለ በዝግታ።

«እርሳስ ስጠኝ። እዚሁ ላይ እኔ እጽፋለሁ።»

«እትዬ! ኦሪጅናል ላይ አይጻፍም! ዋጋውን ያጠፋዋል!»

«ፎቶው ያንተ አይደለም» አልኩትና ሰይድን አየሁት።

ሰይድ ከመስኮቱ ዞር አለ። «ይጻፉበት» አለ።

ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ አስተኝቼ ከዱሮው ጽሕፈት በታች፣ ሳልጫን፣ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ፎቶው ተገልብጦ ታትሟል። ግቧን ያገባው ይማም ነው። ስሕተቱ የአታሚዋ ነው።» ከታች «ዘ» አልኩና ተውኩት፤ ከዚያ ተመልሼ ስሜን ሙሉውን ጻፍኩት።

ይማም ከወንበሩ አልተነሣም። ፎቶውን ሊያይም አልመጣም።

«እትዬ ዘምዘም» አለ። «መቼ ነው ያወቁት?»

ዛሬ ልል እችል ነበር። አብዱም ሰይድም ዛሬ ነው ብለው ያስቡ ነበር።

«በሦስተኛው ቀን» አልኩት። «ጋዜጣው ሳይወጣ።»

አንገቱን ነቀነቀ፤ ዓመታቱን እንደሚቆጥር ሰው ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«አፉ በሉኝ» አልኩት።

ሹራቤን ክንዴ ላይ አደረግሁ፣ መነጽሬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ወደ በሩ ሄድኩ። ከዘራው ደፉ ላይ እንደተጋደመ ነው። ቆሜ ጠበቅሁ። ይማም ቀና ብሎ አላየኝም። ቆየና ከዘራውን ወደ ራሱ ሰበሰበው፤ ወጣሁ።